«ውግዘት» ወይስ «ምንጠራ»? የአሜሪካን ወግ አጥባቂዎች ሽኩቻ የምንገልጽበት ቃል

ጥያቄ፦ ውድ የቋንቋ ወዳጆች፣ ስለ አሜሪካ ወግ አጥባቂዎች የውስጥ ሽኩቻ የሚያትት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ቃል አስቸግሮኛል። አንዱ ወገን ሌላውን «ይህ ከእኛ አይደለም» ብሎ ከእንቅስቃሴው ሲያስወጣ እንግሊዝኛው «ፐርጅ» ይለዋል። «ምንጠራ» ልበለው፣ «ማግለል» ወይስ «ውግዘት»?

የመጀመሪያ ምላሽ፦ «ምንጠራ» የሚለውን አልደግፍም። ቃሉ ከጫካ መመንጠር የመጣ ቢሆንም በደርግ ዘመን ለሰው ከዋለ ወዲህ እስርና ሞት ሳይታሰብበት አይነበብም፤ እርስዎ በሚተረጉሙት ታሪክ ውስጥ ግን መሣሪያው ብዕር ብቻ ነበር። ዊሊያም ባክሊ እ.ኤ.አ. በ1955 «ናሽናል ሪቪው» የተባለውን መጽሔት ሲመሠርት ወግ አጥባቂው ወገን ሐሳቡን የሚያደርስባቸው መገናኛ ብዙኃን ጥቂት ስለነበሩ፣ በዚያ መጽሔት ላይ ማን እንደሚጻፍለትና ማን እንደሚነቀፍ መወሰን የእንቅስቃሴውን ድንበር እንደ መወሰን ይቆጠር ነበር። በ1958 «ጆን በርች» የተባለውን ጸረ ኮሙኒስት ማኅበር ያቋቋመው ሮበርት ዌልች፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ሳይቀር አውቆ ለኮሙኒስቶች ሴራ ያደረ ሰው ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ባክሊ በ1962 መሪውን ብቻ ነቀፈ፤ ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ የወግ አጥባቂው ሴናተር የባሪ ጎልድዎተር ደጋፊዎች ስለነበሩ እነርሱን ማስቀየም አልፈለገም። በ1965 ግን መጽሔቱ ማኅበሩን በሙሉ ከወግ አጥባቂነት ውጭ አደረገው። ማኅበሩ አልፈረሰም፣ የታሰረም የለም፤ አንባቢው ግን ከእነዚህ ሰዎች ጋር አትተባበር የሚል ቃል በይፋ ተነገረው። ለዚህ «ውግዘት» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኝም።

ሁለተኛ ምላሽ፦ በአክብሮት እለያለሁ። ውግዘት ሥልጣነ ክህነትን ይጠይቃል፤ የሚያወግዘው ሲኖዶስ ነው፣ የሚወገዘውም በሃይማኖት የሳተ ነው። የመጽሔት አዘጋጅ ያለ ሥልጣኑ እንዴት ያወግዛል? «ማግለል» ቢባል ይሻላል።

የመጀመሪያ ምላሽ ሰጪ፦ ስለ ሥልጣን ያነሡት ነጥብ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አመሰግናለሁ። «ማግለል» ግን አንድም ቃል ሳይነገር በዝምታ ሊፈጸም ይችላል፤ እዚህ ዋናው ነገር በአደባባይ የተነገረው ቃል ነው። በተጨማሪም አማርኛችን «አወገዘ»ን በሁለት ደረጃ ይጠቀምበታል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር አውግዞ መለየት አለ፣ የተወገዘውም በእርግጥ ከኅብረቱ ይለያል። በዜና አነጋገር ግን «መንግሥት ጥቃቱን አወገዘ» ስንል ነቀፈ ማለታችን ብቻ ነው። የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ታሪክ ከመጀመሪያው ትርጉም ወደ ሁለተኛው የተደረገ ጉዞ ሆኖ ይታየኛል፤ ያጓጓዘውም የመገናኛ ብዙኃን ለውጥ ነው።

የአሜሪካ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ የተለያዩ ወገኖችን አመለካከት እንዲያስተናግዱ የሚያስገድደው ደንብ በ1987 ተሻረ፤ በ1988 የወግ አጥባቂው የራሽ ሊምቦ የራዲዮ ዝግጅት በመላ አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ፤ በ1996 «ፎክስ ኒውስ» የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣን ብዙ አድማጭ ወዳለው ሰው ሄደ። በ2009 የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ማይክል ስቲል ሊምቦን «ሰው አዝናኝ» ብለው ካቃለሉት በኋላ ይቅርታ የጠየቁት ራሳቸው ሊቀ መንበሩ ነበሩ። በጥር 2016 ያው የባክሊ መጽሔት ዶናልድ ትራምፕን የሚቃወም ልዩ እትም አወጣ፤ በሐምሌ ትራምፕ የፓርቲው ዕጩ ሆኑ። በ1965 የለየው ቃል በ2016 ማንንም አልለየም። እንዲያውም «ራይኖ»፣ ማለትም ለስሙ ብቻ ሪፐብሊካን የሆነ፣ የሚለው ስድብ ትራምፕን በነቀፉት ላይ መለጠፍ ጀመረ።

ጠያቂው፦ የ«ፎክስ» አቅራቢ ስለነበረው ስለ ታከር ካርልሰን ደግሞ ምን ልበል? ጽሑፉ የሚያበቃው በእርሱ ነው።

የመጀመሪያ ምላሽ ሰጪ፦ እርሱ በ2023 ከ«ፎክስ» ከወጣ በኋላ በራሱ መድረክ የሚሠራ ስለሆነ ከመድረኩ የሚያወርደው አለቃ የለበትም። በጥቅምት 2025 በጸረ አይሁድ ንግግሩ የሚታወቀውን ኒክ ፉዌንቴስን እንግዳ አድርጎ ሲያነጋግር ብዙዎች እንዲወገዝ ጠየቁ፤ «ሄሪቴጅ» የተባለው የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም ፕሬዚዳንት ኬቨን ሮበርትስ ግን በመጀመሪያ ለካርልሰን ተከላከሉ፤ ኋላም ከገዛ ሠራተኞቻቸው ተቃውሞ ሲነሣ ይቅርታ ጠየቁ። ጸረ አይሁድነትን ማራቅ የሚገባው እንቅስቃሴ ይህን የሚወስንለት አካል ማጣቱ በእኔ አስተያየት ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ ለ1965ቱ «አውግዞ ለየ»፣ ለ2016ቱ «አወገዘ» ብቻ ቢሉ፣ ለ2025ቱ ደግሞ ውሳኔ ያልተገኘለት ስለሆነ «ውዝግብ» ብለው ቢተዉት እመርጣለሁ።