ፍላሼ አልከፍት አለኝ፣ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ፣ ድረሱልኝ!

የጦሳ ልጅ፦ ሰዎች፣ ደሴ ነኝ። ፍላሹን ስሰካው «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል። ሌላ ኮፒ የለኝም። ነገ 3 ሰዓት ክፍል ፊት አቀርባለሁ። ርዕሱ «የፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ዓላማ ምንድን ነው?» ነው። ወይ ፍላሹን አድኑልኝ፣ ወይ ሐሳብ ስጡኝ።

ቡና በጀበና፦ እሺ እንዳትለው! ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክረው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ በእጅ ነበር የምንጽፈው። ዓላማው መልካም ዜጋ ማፍራት ነው። «ፖለቲካ» የሚለውን ቃል የሰጡን ግሪኮች ናቸው። አርስቶትል ከተማሪዎቹ ጋር የ158 ከተሞችን ሥርዓተ መንግሥት አሰባስቧል ይባላል። እናንተ አንድ ፍላሽ መጠበቅ አቃታችሁ።

ፒያሳ ነኝ፦ ዓላማው መውጫ ፈተና ላይ 50 ማምጣት ነው። ከዚያ ባጃጅ።

ባለባጃጁ፦ ባጃጅ ምን አደረገህ? እኔ ራሴ የፖለቲካ ሳይንስ ምሩቅ ነኝ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መልካም ዜግነት ዲግሪ አይጠይቅም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እድሩንም ሰፈሩንም የያዘችው ግን እሷ ናት። ዲግሪው የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ፣ የ1965/66ቱን የወሎ ረሃብ አንሳ። ሁሉም «ድርቅ ነው» ይላል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ሲያጠናው፣ በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልቀነሰም፤ ደሴ ገበያም ዋጋው እንደ ረሃቡ አልናረም። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ግን መግዣ አጣ። እንግዲህ ጠይቅ፦ ማን መግዛት ቻለ? ወሬውን ማን አፈነው? ለምን? ይህን መጠየቅና በማስረጃ መመለስ መቻል ነው ዓላማው። የዝናቡን ጉዳይ ለሜትሮሎጂ ተወው።

ቡና በጀበና፦ ፎርማት እንዳታደርገው ብያለሁ!

ጡረተኛው መምህር፦ ማሻ አላህ፣ ጥሩ ብለሻል። ግን የሚጠይቅ ሰውም መልካም ካልሆነ ምን ይረባል? ውጫሌንም ጨምሪለት።

ሐይቅ ዳር፦ እውነትዎን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17። አማርኛው ንጉሡ በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መዘዙ አድዋ ድረስ ሄደ። ሰነድ ሲሰጥህ ቃል በቃል አንብብ፣ ሁለቱንም ቅጂ።

ፒያሳ ነኝ፦ ቆይ፣ ዓላማው የግድ አንድ ነው ያለህ ማነው? አንዱ ዲፕሎማት፣ አንዱ ጋዜጠኛ ሊሆን ነው የሚማረው። አስተማሪህን ጠይቀው።

የጦሳ ልጅ፦ መብራት ሄደ። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው። ውጫሌ የቱ ጋ ነው ያላችሁኝ?

ባለባጃጁ፦ ለጓደኛ በቴሌግራም ልከኸው አታውቅም? እዚያ ፈልገው። ፍላሹን ተወው።

ሐይቅ ዳር፦ የጦሳ ልጅ፣ አቀረብክ? ምን ሆንክ?

ሮቢት፦ እኔ የክፍል ጓደኛው ነኝ። ተራዬ ከሱ በፊት ነበርና የውጫሌዋን ወስጃታለሁ። አንድዬ ይስጥልኝ።