የማኅበራችን የአርቪ ጉዞ ወደ ሼናንዶዋ ፓርክ (ቨርጂንያ)፦ የት እንደር? (እስከ እሑድ ሐሳብ ስጡ)

ጸሐፊው፦ ለሌበር ዴይ በዓል ሦስት ትንንሽ አርቪ (ውስጡ የሚታደርበት የቤት መኪና) እንከራያለን ተብሎ ተወስኗል። 2400 ዶላር ከማኅበሩ ሣጥን ተፈቅዷል። የቀረው ማደሪያ ነው። የእኔ ሐሳብ፦ ዓርብ ማታ ማቲውስ አርም ካምፕ፣ የፓርኩ መንገድ ከሰሜን ሲቆጠር ማይል 22 ላይ። በሰሜኑ መግቢያ፣ በፍሮንት ሮያል በኩል ስለምንገባ ሕፃን የያዘ ሰው ተራራ ላይ በጨለማ ብዙ አይነዳም። ቅዳሜን ቢግ ሜዶውስ፣ ማይል 51። ሁለቱም ጋ የሽንት ቤቱን ታንክ መድፊያ አለ። መብራት መሰኪያ ግን ፓርኩ ውስጥ የትኛውም ካምፕ ላይ የለም፣ ይህን አስር ጊዜ ተናግሬያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ሦስት ቦታ መያዝ አለብን። ምዝገባው ስድስት ወር ቀድሞ ነው የሚከፈተው። ያ ማለት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ገንዘብ ያዥዋ፦ 2400 ማን አለህ? 2100 ነው፣ ቃለ ጉባኤውን አንብብ። ደግሞ የኪራዩ ዲፖዚት (መያዣ) ከዚህ ውስጥ ነው ወይስ ከዚህ ውጭ? የአምናው እስካሁን አልተመለሰም። በማን ምክንያት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የማታ ፈረቃ፦ አምና የተከራየነው መኪና መከላከያ የተላጠው በእኔ አይደለም፣ በቃ ተዉኝ። ይልቅ ለምን ለካምፕ እንከፍላለን? ዓርብን ዎልማርት ፓርኪንግ እንደር። ነጻ ነው።

ጋሼ ትራክ፦ ነጻ የሚሆነው የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ከፈቀደ ነው፣ አንዱ ሱቅ ይፈቅዳል አንዱ ያባርራል። ቨርጂንያ ሬስት ኤሪያ (የመንገድ ዳር ማረፊያ) ላይ ደግሞ ማደር ክልክል ነው። አምና አንድ ሱቅ ደጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥበቃው መስታወት ሲያንኳኳ በፒጃማ የነዳሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ከኋላ ታንኮራፋ ነበር። ሌላም ልንገራችሁ። ከቶርንተን ጋፕ መግቢያ ወደ ደቡብ ሲኬድ ማይል 32 ላይ ዋሻ አለ፣ ሜሪስ ሮክ ይባላል። ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። አከራዩ «አርቪዋ ትንሽ ናት» ቢላችሁ አትመኑ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ ጨምራችሁ በሜትር ለኩ።

ነርሷ፦ ሉዊስ ማውንተንስ? ማይል 57 ላይ ነው፣ ትንሽና ጸጥ ያለ። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተለየ ካምፕ ነበር፣ መለየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ልጆቻችን ያንን ቦታ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ጸሐፊው፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ታንክ መድፊያ የለውም። ቀን ጎብኝተነው እናልፋለን። ሌላ አስተያየት ከሌለ እንዝጋው።

እትዬ ስኒ፦ ቡናው የት ነው የሚፈላው?

ጸሐፊው፦ በጋዝ ምድጃው እትዬ፣ አርቪው ውስጥ አለ።

እትዬ ስኒ፦ በጋዝ! ዕጣኑስ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ዕጣን አይሆንም። ድብ ያለበት አገር ነው። የሚሸት ነገር ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ወይ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። እናንተ ደግሞ ጭራሽ ልታጨሱለት ነው?

እትዬ ስኒ፦ ድብ ዕጣን ይበላል እንዴ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ሽታው ነው እትዬ። የቡናው ቁላት ብቻውን እስከ ሌላኛው ተራራ ይሰማል።

የማታ ፈረቃ፦ ድቡ ሐበሻ ከሆነ ሦስተኛው ላይ ነው የሚደርሰው። 😂

ዲያቆኑ፦ በዕጣን አትቀልድ።

የማታ ፈረቃ፦ በድብ ነው የቀለድኩት።

ነርሷ፦ የእኔ ልጅ አስም አለባት። አርቪ ማለት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ዕጣን ካለ እኛ የለንበትም፣ ያዋጣሁትም ይመለስልኝ።

እትዬ ስኒ፦ ያደግሽበትን ጭስ ዛሬ ጠላሽው? እኔ 31 ዓመት በዚህ አገር ያለ ዕጣን ቡና አፍልቼ አላውቅም። አፓርታማ ውስጥ የእሳት ደወሉ እየጮኸ አፍልቻለሁ፣ እሳት አደጋዎቹ መጥተው ጠጥተው ሄደዋል። አሁን በዱር በገደል ልከለከል?

ነርሷ፦ እትዬ፣ እርስዎን አልጠላሁም። ልጄ ትተንፍስ ነው ያልኩት።

ጋሼ ትራክ፦ ውጭ በከሰል ይፈላ፣ አለቀ። ካምፑ ላይ የብረት መጥበሻ ያለው ምድጃ አለ፣ ከሰሉ እዚያ ይነዳል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ከጓሮዬ እንጨት ላምጣ?

ጋሼ ትራክ፦ አታምጣ። ዛፍ የሚጨርስ ነቀዝ ይዞ ይገባል ብለው ከውጭ የመጣ እንጨት ከልክለዋል። የተፈቀደው በሙቀት ታክሞ ማኅተም ያለበት ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ከሰል በየትኛው በጀት?

የማታ ፈረቃ፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይቆላ፣ ጄኔሬተር አለ አይደል።

ጸሐፊው፦ ጄኔሬተር የሚፈቀደው ጠዋት ከ8 እስከ 10፣ ከሰዓት ከ4 እስከ 7 ብቻ ነው።

እትዬ ስኒ፦ በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

ጸሐፊው፦ በፈረንጅ። በእኛ ከጠዋቱ 2 እስከ 4፣ ማታ ደግሞ ከ10 እስከ 1።

እትዬ ስኒ፦ እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የምጠጣው። ራሴን ያመኛል።

ዲያቆኑ፦ ዓርብ ጾም መሆኑን ማንም አላነሳም። ሥጋ ዓርብ ማታ አይጠበስም።

የአሌክሳንድሪያው፦ ማንም እኮ ሥጋ አላለም!

ጸሐፊው፦ ወገኖች፣ ምዝገባው ማክሰኞ ጠዋት ይከፈታል። ቦታውን ማን ይይዛል? እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

የማታ ፈረቃ፦ እኔ። ከፈረቃ ስወጣ ቁጭ ብዬ እይዘዋለሁ። ካርዱን ላኩልኝ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ካርድ አልሰጥም፣ በራስህ ክፈልና ደረሰኝ አምጣ። ከአምናው ተምሬያለሁ።

*(ረቡዕ)*

ጸሐፊው፦ ተያዘ?

*(ሐሙስ)*

ጸሐፊው፦ የማታ ፈረቃ፣ ተያዘ ወይ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ደወልኩለት፣ አያነሳም። እኔ አሁን ገብቼ ሳይ ቢግ ሜዶውስ ለአርቪ የሚሆን ለቅዳሜ የቀረው አንድ ቦታ ነው። ማቲውስ አርም ግን ገና ቦታ አለ።

ነርሷ፦ አንዱን እኮ ያዘዋ!

የአሌክሳንድሪያው፦ ለማን? ከሦስቱ ቤተሰብ የትኛው ነው የሚያድርበት? ለራስህ ያዝክ ብላችሁ ነገ ልትሰድቡኝ ነው?

*(ዓርብ)*

የአሌክሳንድሪያው፦ እሱም ሄደ።

ጋሼ ትራክ፦ ሎፍት ማውንተን ይታይ፣ ማይል 79። ራቅ ይላል፣ ግን መድፊያ አለው።

ገንዘብ ያዥዋ፦ በ35 ማይል ፍጥነት 79 ማይል? ሕፃናቱ ያስመልሳሉ። ለነዳጁስ ማን ይከፍላል? እኔ እስቲ ልናገር። አርቪ ለምን አስፈለገ? በየራሳችን መኪና ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን፣ ቢግ ሜዶውስ ፒክኒክ ቦታ ውለን፣ ማታ ቤታችን እንደር። መግቢያው በመኪና 30 ዶላር ነው፣ አንድ ላይ ተሳፈሩ።

ነርሷ፦ ውጭ ከሆነ ዕጣኑ እኔን አይነካኝም። ነፋሱ ወደ እኛ እንዳይሆን ብቻ።

እትዬ ስኒ፦ እንግዲህ እንዲህ ብትሉኝ ኖሮ ከጅምሩ አልናገርም ነበር። ነርሷ ልጄ፣ ለትንሿ ዳቦ እጋግራለሁ።

ዲያቆኑ፦ ቅዳሜ ከሆነ ሥጋውም ይቻላል። በግ የምናገኝበት እርሻ አውቃለሁ።

ጋሼ ትራክ፦ በጉ የሚታረደው እዚያው እርሻው ላይ ነው፣ ፓርክ ውስጥ እንዳታስቡት።

ገንዘብ ያዥዋ፦ በጉ ስንት ነው? ሁለት ከሆነ 2100ው ይበቃል። ትልቅ ድንኳንና አንድ ረከቦትም የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይገዛ፣ በየጊዜው ከሰው ቤት መዋስ ሰልችቶኛል።

ጸሐፊው፦ ስብሰባው የወሰነው አርቪ ነው። በግና ረከቦት ብዬ ልጻፍ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ጻፈው፣ ማን ይጠይቅሃል።

ነርሷ፦ ልጆቹ መኪና ውስጥ ነው የምናድረው ብለው ለጓደኞቻቸው ሁሉ ተናግረዋል። እኔ አልነግራቸውም።

የማታ ፈረቃ፦ ይቅርታ፣ ድርብ ፈረቃ ገብቼ ነበር። አሁን ልያዝ? ለስንት ሰው ነው?

ገንዘብ ያዥዋ፦ የአምናውን ዲፖዚት መጀመሪያ አምጣ።

እትዬ ስኒ፦ ስኒ 36 አለኝ፣ ይበቃል?