ለየቀኑ ፍላት ይሻላል ወይስ ታኮ? ሁለቱም እያመመኝ ነው

ማለዳ7፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ እንግዳ መቀበል ነው፤ ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ስድስቱን ያህል ቆሜ ነው የምውለው። ስኒከር አይፈቀድም። እስካሁን የማደርገው ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ታኮ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ጫማ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣቶቼ ሥር ያለው ቦታ ያቃጥለኛል። ሰው ሁሉ «ፍላት አድርጊ» ሲለኝ ሶሉ ስስ የሆነ ፍላት ገዛሁ፤ አሁን ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል፣ ባቴም ይወጠራል። ለየቀኑ የትኛው ነው የሚሻለው? ታኮ ከሆነ ስንት ሴንቲ? ፍላት ከሆነ ምን ዓይነት? ቁጥሬ 38 ነው፣ እግሬ ከፊት ሰፋ ይላል።

ፊዚዮ_ባት፦
እህቴ፣ ሁለቱ ሕመሞች ምንጫቸው የተለያየ ነው። አንዱን ጫማ ጥሎ ወደ ሌላው መዝለል ያልፈታልሽም ለዚህ ነው።

ታኮ ከፍ ባለ ቁጥር የሰውነት ክብደት ከተረከዝ ወደ ፊት ይሸሽና ከጣቶች ሥር ያሉት የአጥንት ጫፎች ይሸከሙታል። ጫማው ሹል ሲሆን ደግሞ አጥንቶቹን ከግራና ከቀኝ ያጣብቃቸዋል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ነርቭ ይጨመቃል። ማቃጠሉ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል ከሆነ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ጫማሽ ውስጥ ጠጠር የረገጥሽ ከመሰለሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ ነርቭ ነው። እንዲህ ከሆነ ታኮ ማሳጠር ብቻውን አይበቃም፤ ፊቱም መስፋት አለበት።

የጠዋቱ ውጋት ሌላ ነው። ከፍ ያለ ታኮ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲደረግ የባት ጡንቻ ያጥራል፣ ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው ወፍራም ጅማትም ይደድራል። አንቺ ተረከዝሽን በአንድ ቀን 8 ሴንቲ ያህል አወረድሽው። ያጠረው ሁሉ ተጎተተ፤ ጉተታው ከተረከዝ ሥር ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል ወደ ጣቶች የሚሄደውን ጅማት ነካ። ይህ ጅማት ሌሊት እግር ሲያርፍ ይጠብቃል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ይወጋሉ። ስሱ ሶል አባባሰው እንጂ ብቻውን አላመጣውም።

አወራረዱ በደረጃ ይሁን፦ ከ8 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 4፣ ከዚያ ከፈለግሽ ወደ 2። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆዪ። ጎን ለጎን ባትሽን በቀን ሁለት ጊዜ ዘርጊ። ግድግዳ ተደግፈሽ አንዱን እግር ወደ ኋላ ውሰጂ፤ ተረከዙ መሬት እንደያዘ፣ ጉልበትሽ ቀጥ ብሎ 30 ሰከንድ፤ ከዚያ ሳትንቀሳቀሺ ያንኑ ጉልበት ትንሽ አጠፍ አድርገሽ ሌላ 30 ሰከንድ። በእያንዳንዱ እግር ሦስት ሦስት ጊዜ። ጉልበት የማጠፉን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሥር ያለው የባት ጡንቻ በደንብ የሚዘረጋው ግን ያኔ ነው። የኋላው እግር ጣቶች ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ይመልከቱ፤ ወደ ውጭ ከዞሩ እግር ወደ ውስጥ ይዘምና ዝርጋታው ባት ላይ አይደርስም።

ስድስት ሰዓት ቆሞ ለሚውል ሰው እኔ የምመክረው ከ2 እስከ 4 ሴንቲ፣ ወፍራም ታኮ ነው። ጫማ ተቀይሮ ከአንድ ወር በላይ የማይለቅ ውጋት፣ እብጠት ወይም መደንዘዝ ካለ ግን መታየት አለበት። የስኳር ሕመም ኖሮባት የእግሯ ስሜት የቀነሰ ሴት ይህን ሁሉ ሙከራ ትተው፤ ጠባብ ጫማ የሚያቆስላት ሳይሰማት ነውና ከሐኪም ጋር ትምረጥ።

ሶልና_ክር፦
ስለ እግሩ ተነግሯል፤ እኔ ስለ ጫማው ልበል።

የታኮ ቁመት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የምትለኪው ልዩነቱን ነው፦ ከኋላ ያለው ከፍታ ሲቀነስ ከፊት ያለው የሶል ውፍረት። ከኋላ 6፣ ከፊት 2 ከሆነ እግርሽ የሚሰማው 4 ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች ወዲያው ፊቱ 4 ሴንቲ የሆነ ጫማ ይገዛሉ፤ እሱም አያዋጣም። ፊቱ በጣም ሲወፍር ሶሉ አይታጠፍም፣ መሬቱም አይሰማሽም፤ አንድ ጠርዝ ስትረግጪ ቁርጭምጭሚትሽ ይዞራል። ለየቀኑ ፊቱ ከ2 ሴንቲ አይለፍ።

ሱቅ ውስጥ ጫማውን እግርሽ ላይ ከማድረግሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ አቁሚው። የታኮው ግርጌ ሙሉ በሙሉ መተኛት አለበት። ከላይ በኩል በጣትሽ ወደ ጎን ግፊው፤ ከተወዛወዘ ተዪው። ከጎን ስታዪው ታኮው ከተረከዝሽ መሃል ሥር መቆም አለበት። ለመልክ ተብሎ ወደ ኋላ ጠርዝ የተገፋ ታኮ ክብደቱን በትክክል አይቀበልም፤ በየእርምጃው ወደ ኋላ የሚሰበርም ይመስላል።

ከዚያ ጫፉንና ተረከዙን ይዘሽ እጠፊው። መታጠፍ ያለበት ጣቶችሽ በሚታጠፉበት ቦታ ብቻ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ድረስ፣ ከውስጥ ሶል በታች፣ የተቀበረ ቀጭን ብረት አለ፤ ታኮ ያለውን ጫማ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ጫማው መሃሉ ላይ ከታጠፈ ብረቱ ደካማ ነው ወይም ጭራሽ የለም። ፍላትም ላይ ይህንኑ ሞክሪ። ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ፍላት ቀላል ነው ተብሎ ይወደሳል፤ ቆሞ ለሚውል ሰው ግን ካርቶን ላይ እንደመቆም ነው። አሁን የገዛሽው ይህን ዓይነት እንደሆነ እገምታለሁ።

ማሰሪያን አትናቂ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ እግርን የሚይዘው በጫፉና በተረከዙ ብቻ ስለሆነ፣ እንዳይወልቅ ጣቶችሽ ቀኑን ሙሉ ይጨብጣሉ። ይህ ታኮም ፍላትም ላይ ያው ነው። ማሰሪያው በእግር ጀርባ ላይ ቢያልፍ ይመረጣል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ያምራል እንጂ እግር ወደ ፊት መንሸራተቱን ብዙም አይከለክልም።

ስለ ቁጥሩ፦ ፊቱ ስለጠበበሽ 38ን ትተሽ 39 አትግዢ። በዚህ የአውሮፓ አለካክ አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው፤ ስፋቱ የሚጨምረው ከዚያ ያነሰ ነው። ታኮ ላይ ደግሞ ትርፍ ርዝመት ማለት እግር ወደ ታች ተንሸራቶ ጣቶች ጠባቡ ጫፍ ውስጥ ተወሸቁ ማለት ነው። ማታ፣ እግርሽ አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ቆመሽ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ አስነሺ። ቆርጠሽ ሱቅ ውሰጂውና ከጫማው ሶል ሥር አድርጊው። ወረቀቱ ከጎን ከወጣ ቆዳው ይለጠጣል የሚልሽን ሻጭ አትስሚ፤ ቆዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፣ ፕላስቲክነት ያለው ሰው ሠራሽ ግን ከነጭራሹ ያስቸግራል። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት 1 ሴንቲ ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም።

ፍላት_ወገን፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን ፍላት ያለ ፍርድ እየተኮነነ ነው። ችግሩ ስስ ፍላት እንጂ ፍላት አይደለም። ከኋላ 2 ወይም 2.5፣ ከፊት 1.5 ሴንቲ የሆነ፣ የእግር ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ የሚሸፍን ወይም ክር ያለው የቆዳ ጫማ ለእንግዳ መቀበያ በቂ ክብር አለው፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ አይበልጥም። የአውራ ጣቷ መገጣጠሚያ ደድሮ ወደ ላይ አልታጠፍ ላላት ሴት ደግሞ 4 ሴንቲ እንኳ ይበዛል፤ ታኮ ያን መገጣጠሚያ ቀኑን ሙሉ አጥፎ ነው የሚያውለው። ለእሷ የሚበጀው ሶሉ የማይተጣጠፍ፣ ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ የቀና ፍላት ነው። ነፍሰ ጡርም ብትሆን እግር ስለሚያብጥና ሚዛን ስለሚለወጥ ዝቅ ያለውና ሰፊው ይሻላታል።

ማለዳ7፣ የያዝሽውን ፍላት አትጣዪው። ተረከዙ ሥር ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንከር ያለ ማንሻ አስገቢና በመሸጋገሪያው ጊዜ ለአጭር መንገድ አድርጊው። ማንሻው ለሁለቱም እግር ይሁን። ከገባ በኋላ ተረከዝሽ ከጫማው መውጣት ከጀመረ የጫማው ጠርዝ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ከጣቶች ሥር የሚለጠፈውን ለስላሳ ጄል በተመለከተ፦ 3 ሚሊ የሆነ ነገር ጠባብ ጫማ ውስጥ ስትጨምሪ 3 ሚሊ ቦታ ወሰድሽ። ሰፊ ጫማ ውስጥ ይረዳል፣ ሹሉ ውስጥ ግን መጨመቁን ያባብሰዋል። ከተለጠፈም ከሚያመው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ እንጂ ልክ እላዩ ላይ አይሁን።

ማንም ያላነሳው ደግሞ ሱሪ ነው። ለ8 ሴንቲ ታኮ የተቆረጠ ሱሪ በ3 ሴንቲ ጫማ መሬት ይጠርጋል፣ ደረጃ ላይም ታኮ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ የምትረጊበትን ቁመት ሳትወስኚ አታስቆርጪ፤ እስከዚያው በእጅ ስፌት እጠፊው።

ማለዳ7፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዎ፣ ፍላቱ የሚጠቀለል ዓይነት ነው። ማቃጠሉም በትክክል ሦስተኛውና አራተኛው ጣት መካከል ነው፣ ስለዚህ ሹሉን አቆማለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሌላ ፊቱ ክብ የሆነ ባለ 8 ሴንቲ ጫማ አለኝ፣ ታኮውም ወፍራም ነው። ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ 5 ላይ ማስቆረጥ እችላለሁ?

ሶልና_ክር፦
3 ሴንቲ አይቆረጥም። ጫማው የተሠራበት ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው ሻጋታ) ለ8 ሴንቲ ነው፣ ብረቱም በዚያው ልክ ጎብጧል። ታኮውን ብቻ ስታሳጥሪው የጫማው ጫፍ ከመሬት ይነሳል፣ የታኮው ግርጌም ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ስትራመጂ ወደ ኋላ የሚጥልሽ ይመስልሻል። 1 ሴንቲ ያህል ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ያም ታኮው ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ካለው። ከመቆረጡ በፊት ጫማውን አድርገሽ ከጫፉ ሥር 1 ሴንቲ የሚሆን ካርቶን አስገቢና ቁሚ፤ ተረከዝሽ ሲወርድ የሚሰማሽ ያ ነው። ካልተመቸሽ አታስነኪው።

ከተቆረጠ አዲስ የግርጌ ጎማ መግባት አለበት፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስቀይሪ፣ አለበለዚያ አንዱ እግር ከፍ ይላል። ጫማ ሰፊው ጠንካራ ጎማ እንዲያስገባልሽ ንገሪው፤ ለስላሳው ድምፅ አያሰማም ግን ቶሎ ያልቃል። የምትሠሪበት ወለል የሚያንሸራትት ከሆነ ከፊትም ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ የሆነ ስስ ጎማ ያስለጥፍልሽ። ከዚያ በኋላ ጎማውን በየሳምንቱ ገልብጠሽ እዪ፦ በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ፣ ወይም ጎማውን ከታኮው ጋር የያዘው ምስማር ብቅ ማለት ከጀመረ ሳይውል ሳያድር አስቀይሪው። ምስማሩ መሬት ከነካ ወዲህ የሚበላው ታኮው ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይተካም።