ክርክር፦ የቤት ውቃቢ ለእንግዳ ይታይ?

አወያይ፦ ለጥምቀት የሚመጣውን እንግዳ ከፋሲል ግንብ ሌላ ምን እናሳየው የሚለው ወሬ በጎንደር አያልቅም። አንድ መምህር ቤት ይጠብቃል፣ ሀብት ያበረክታል ለሚባለው መንፈስ፣ ለውቃቢ ወይም ለቤቱ ዛር፣ የሚፈላው ቡና እንደ ባህል ተሰንዶ ይታይ ብለዋል። እናንተስ?

ዲያቆን፦ ባህል ሌላ፣ ባዕድ አምልኮ ሌላ። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ የቤት ጠባቂ አጣን? ደም የሚጠይቅ ጠባቂ አላውቅም።

መምህሩ፦ ስገዱ ያለ የለም። እኛ ዘገየን እንጂ ሌላው ሰንዶታል። ከዳካር ተነስቶ ጅቡቲ የዘለቀው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ለወራት ሲቀመጥ፣ የቡድኑ አባል ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ ከሚባሉት ባለዛር ቤት እየዋለ የዛሮቹን ስምና ጠባይ፣ የሚታረድላቸውን ሁሉ ጽፏል። ያው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፓሪስ ወስዷል፤ በምትካቸው ቅጂ ሰቅሎ። የአያቱን ቤት ነገር ማንበብ የፈለገ የጎንደር ልጅ ፈረንሳይኛውን ይጋፈጥ?

የአዘዞዋ እናት፦ ልጆቼ፣ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ የሚያምሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች። እንደተደበቁ ይቅሩ ተባለና ዛር ሆኑ። እንግዲህ ወንድምና እህት ናቸው፤ አብሮ መኖር ግድ ነው። እናቴ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ከአቦሉ ጥቂት መቃኑ ሥር ሳታፈስ ለሰው ቀድታ አታውቅም። ከብት ሲታመም እንኳ «ምን አጎደልን?» ትል ነበር። እንግዳ ፊት ግን በፍጹም! ቤት ጠባቂው ገበያ ከወጣ ቤቱን ማን ይጠብቃል?

የአራዳዋ ነጋዴ፦ እትዬ፣ በአክብሮት ልከራከርዎ። የእኛ ቤት ውቃቢ ከአያቴ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ እኔ ወረደ ተባለ። ወንድሞቼ ቤቱን ወረሱ፣ እኔ የውቃቢውን ዶቃ፣ ጨሌውን። በየመስከረሙ ገብስማ ዶሮ ፈልጌ የምገዛው፣ ሲጋራውንና ሽቶውን የማቀርበው እኔ ነኝ። ንግዴ ሲቀና እሱ ረዳኝ፤ ሲከስር እኔ አጎደልሁ። ይህ ረዳት ነው አበዳሪ? ወንድሞቼ የሚኖሩበትን ቤት እየጠበቀ እኔን ያስከፍላል!

መምህሩ፦ እህቴ፣ ሌላም ገጽ አለው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ጎንደር ዛር ያጠናው ሳይመን ሜሲንግ የባለዛሮቹን ማኅበር እንደ የጋራ ሕክምና አይቶታል። ባሏን ቀሚስ ግዛልኝ ለማለት የማትደፍር ሴት በዛሩ አፍ ትጠይቃለች፤ ባልም ዛሩን ፈርቶ ይገዛል።

የአራዳዋ ነጋዴ፦ ለዚያች ሴት ጠቅሟት ይሆናል። እኔ ቀሚሴን ራሴ እገዛለሁ።

ዲያቆን፦ እንግዲያው ጨሌውን ለንስሐ አባትሽ አስረክቢ፤ ቤቱ ጠበል ይረጭ።

የአራዳዋ ነጋዴ፦ አላስረክብም። እናቴ በአንገቷ ያሰረችው ነው። ሙዚየም ውስጥም አላስቀምጠውም፣ መምህር።

የአዘዞዋ እናት፦ አየሽ!

መምህሩ፦ መታየቱ ይቅር፤ መጻፉንስ?

የአዘዞዋ እናት፦ መጻፉን አልከለከልሁም።

የአራዳዋ ነጋዴ፦ ከተጻፈ ዶሮውን ማን እንደገዛ፣ ቤቱን ማን እንደወሰደም ይጻፍ። ያን ጊዜ እኔም እናገራለሁ።