የተጎታቹ ጉዳይ፦ እስከ እሑድ ሐሳብ እንጨርስ

ጸሐፊ፦ እሑድ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን እዚሁ ግሩፕ ላይ እንጨርሰው። ለየለቅሶው ድንኳንና አግዳሚ ለማመላለስ ኢሱዙ መከራየት አንገፍግፎናል። የሰኔውን ለቅሶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። አንድ አባላችን በላንድክሩዘር ቪ8ታቸው ሊጎትቱልን ፈቅደዋል። እድሩ ትንሽ ተጎታች ያሠራል፣ መኪናው ላይ የሚገጠመውን መጎተቻም ይከፍላል። ዋጋ የሚያጠና ሰው እፈልጋለሁ።

የሳሙና በር ሰፈሩ፦ እኔ አለሁ። የማውቀው ብረት ሠሪ አለ፣ ቅዳሜ ዋጋ ይዤ እመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሰው የግል መኪና ከእድር ሣጥን ብር ልናወጣ ነው? ነገ ቢሸጠውስ?

ባለ ቪ8ቱ፦ ብሸጠው ፈትቼ እመልሳለሁ። እኔ ለምኜ የመጣሁ አስመሰላችሁት እኮ። ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ፣ መኪናዬን ማንም አይበይድብኝም።

መካኒኩ፦ ብየዳ የሚያነሳ ሰው ከዚህ ይውጣ። መጎተቻ ፓራውልት (የኋላ መከላከያ) ላይ አይንጠለጠልም፣ ከመኪናው አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር በቡሎን ነው የሚታሰር። ለሞዴሉ የተሠራውን እንግዛ። ትርፍ ጎማው ከሥር ስለሆነ በዘፈቀደ የተሠራ ብረት ከገጠምን ጎማ ማውረጃው ይዘጋል። የተጎታቹ መብራትም ቢሆን የመኪናውን የፍሬቻ ገመድ ቆርጦ መቀጠል የለም፣ ለብቻው መቆጣጠሪያና ባለ 7 እግር ሶኬት ይፈልጋል። ትልቁ ነገር ግን ክብደቱ ነው። ቪ8 3,500 ኪሎ ይጎትታል የሚባለው ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ከሌለው 750 ኪሎ ብቻ። ይኼም ተጎታቹን ራሱን ጨምሮ ነው። ባዶው ሁለት ኩንታል ተኩል ቢመዝን ለዕቃ የሚቀረን አምስት ኩንታል ነው። ድንኳኑ ከነብረቱ፣ አግዳሚውና ብረት ድስቱ ባንዴ አይሄድም። ወይ እንመላለስ፣ ወይ ባለፍሬን እናሠራ።

ሊቀመንበር፦ ባለፍሬኑ ስንት ይሆናል?

መካኒኩ፦ እሱን የሳሙና በሩ ያምጣ። አጫጫኑም እንደልብ አይደለም ጋሼ። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ከባዱ ወደ ኋላ ከሆነ ተጎታቹ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ወደ አዘዞ ስንወርድ ያንን እንዳታዩት። ተጎታቹ የሚያርፍበት የመጎተቻው ኳስ ደግሞ የ50 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የሚነቀል ዓይነት ነው የሚሻለው። ካልተነቀለ ከኋላ ወጥቶ የሰው ቅልጥም ይመታል፣ ሴንሰሩም ማርሽ ወደ ኋላ በገባ ቁጥር ይጮሃል።

ንብረት ያዥ፦ የሚነቀል ከሆነ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

መካኒኩ፦ ምኑ?

ንብረት ያዥ፦ ኳሱ። የእድሩ ንብረት ከሆነ መዝገብ ላይ ይገባል፣ መጋዘን ይቀመጣል። ሲፈለግ በፊርማ ይወጣል።

ባለ ቪ8ቱ፦ በሌሊት ሰው ቢያርፍ የመጋዘን ቁልፍ ፍለጋ ልዙር? መኪናዬ ውስጥ ይቀመጣል።

የማራኪዋ፦ የብረት ድስቱም ነገር እኮ እንዲህ ነበር የጀመረው። «እኔ ቤት ይቀመጥ።»

ባለ ቪ8ቱ፦ እትዬ፣ ድስት ወሰድክ ነው የሚሉኝ?

የማራኪዋ፦ ስም ጠራሁ? የነካው ነው የሚጮኸው።

ባለ ቪ8ቱ፦ እንደዚህ ከሆነ ኢሱዙ ተከራዩ። የሰው መኪና ለምናችሁ ደግሞ ሌባ!

ገንዘብ ያዥ፦ ማንም ሌባ አላለም። ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። ኳሱ እርስዎ ጋ ከዋለ የወንድምዎን አሸዋ እንደማይጎትቱበት በምን እናውቃለን?

መካኒኩ፦ ወገን፣ ኳስ ብቻውን አሸዋ አይጎትትም፣ ተጎታቹ መጋዘን ነው የሚሆነው። ጡጫ የምታክል ብረት ናት። ሁለት እንግዛና አንዱ መጋዘን፣ አንዱ መኪናው ውስጥ ይሁን።

ንብረት ያዥ፦ ሁለት ከተገዛ ሁለቱም መዝገብ ላይ ይገባሉ። መጋዘን የሌለ ዕቃ ላይ «አለ» ብዬ አልፈርምም። ባለፈው ኦዲት ማን እንደተሰደበ አስታውሱ።

የፒያሳው፦ ኧረ ሳይነቀል ይቅር በቃ! ቅልጥሙን የተመታ ይጠንቀቅ።

ባለ ቪ8ቱ፦ በስንት ልፋት የገዛሁትን መኪና ጅራት አውጥቼለት አልዞርም።

የፒያሳው፦ እሱን ቀድመው ቢናገሩ። ነገሩ የኳስ ሳይሆን የቄንጥ ነዋ።

ሊቀመንበር፦ በቃ! ሁለታችሁም። ልጄ፣ እርሳቸው ከፈቃዳቸው ነው የመጡ፣ ይቅርታ በል። አንቱም እትዬ፣ የድስቱ ነገር በሽምግልና አልቋል፣ አይነሳ። ንብረት ያዥ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ነው?

ንብረት ያዥ፦ አንድ። እኔ ጋ።

ሊቀመንበር፦ አንድ ብቻ? አንተ ገጠር ብትወርድስ?

ንብረት ያዥ፦ ወርጄ አላውቅም።

የማራኪዋ፦ በሰኔው ለቅሶ የት ነበርክ ታዲያ?

የፒያሳው፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ለእርሳቸውም። ግን ተጎታቹ ከመጣ ለቅሶ ብቻ አይጠብቅ። ጥር 10 ለከተራ ድንኳናችንን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እናውርደው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ለእንግዳው ጥላና ውኃ ብናዘጋጅ ስማችን ይጠራል። የታችኛው ሰፈር እድር ዓምና ያደረገውን አይተናል።

ባለ ቪ8ቱ፦ ታቦት በሚሄድበት መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ተጎታች? እኔ አልነዳም።

የፒያሳው፦ በከተራው ዋዜማ ሌሊት እናወርዳለን እንጂ!

ገንዘብ ያዥ፦ ያንን ድንኳን ይዘን እዚያ አደባባይ ልንወጣ ነው? በሦስት ቦታ የተጣፈ ነው እኮ። ለተጎታች ከምናወጣ አዲስ ድንኳን እንግዛ። በሌላ ጊዜ ለሠርግ እናከራየዋለን፣ ብሩም ይመለሳል።

የማራኪዋ፦ ይኼ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነጭ ይሁን ግን፣ ያ ቡኒ ሆድ ያስብሳል።

መካኒኩ፦ አዲሱንስ በምን ልትጭኑት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለጊዜው በኢሱዙ።

መካኒኩ፦ የሳሙና በሩ፣ ዋጋውስ? ቅዳሜ አለፈ። ተጎታቹ የራሱ ታርጋ ያስፈልገው እንደሆነም መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይነሳ።

ጸሐፊ፦ የሳሙና በሩ ከጠፋ ሁለት ቀን ሆነው፣ ስልክም አያነሳም። የሚነሳ ካለ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ማንም ካልተነሳ ለእሑድ እንዲህ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። ነጭ ድንኳን እስከ ከተራ ይገዛ። ለመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ይውጣ፣ ሊቀመንበሩ ጋ ይቀመጥ። ተጎታቹና መጎተቻው ይጠና።

ባለ ቪ8ቱ፦ ይጠና ማለት ቀረ ማለት ነው። እሺ፣ መኪናዬም አረፈች። ማክሰኞ ባሕር ዳር ነኝ፣ ለለቅሶ ከተፈለግኩ ቀድማችሁ ደውሉ።

መካኒኩ፦ ከመሄድዎ በፊት የሻንሲውን ቀዳዳዎች ልለካ? አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ባይገዛም ልኬቱ እጃችን ላይ ይኑር።

ንብረት ያዥ፦ ሁለተኛው ቁልፍ የሚወጣው በማን ብር ነው?