የሸርመን ባልና ሚስት ግድያ፦ በግሩፓችን ገዳይ እንጠርጥር ወይስ እንተው?

ሰብሳቢ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ሰሞኑን አንድ ረጅም የድምፅ መልእክት እዚህ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የቶሮንቶዎቹን ባልና ሚስት ባሪና ሃኒ ሸርመንን ማን እንዳስገደላቸው በስም ጠርቶ ይናገራል። ለማያውቅ ሰው፦ ባሪ አፖቴክስ የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ መሥራች ነበር። ዕድሜው 75፣ የሚስቱ 70። ቤታቸው በ6.9 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ ስለነበር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2017 ለገዢ ስታሳይ የነበረች ደላላ ከቤት ውስጥ መዋኛው ዳር ሁለቱንም ሞተው አገኘቻቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ቀበቶ ከመዋኛው ዝቅተኛ አጥር ጋር ታስሮ ነበር። እስካሁን የተከሰሰ ሰው የለም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ባልተፈታ ግድያ ላይ ግሩፑ ገዳይ መጠርጠር ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል? ስድብ የለም። ድምፁንም መልሳችሁ አትላኩ።

ናስር፦ ይፈቀድ። ፖሊስ ብቻውን ሲተው ምን እንደሆነ እዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፖሊስ ውስጥ በወጣ ወሬ ጋዜጦች «አንደኛው ሌላውን ገድሎ ራሱን አጠፋ» ብለው ጻፉ። በሩ ያልተሰበረ መሆኑ በቂ ማስረጃ ተደረገ። ፖሊስ «ሁለቱም ተገድለዋል፣ ሆን ተብሎ የተነጣጠረባቸው ነው» ያለው ጃንዋሪ 26 ቀን 2018 ነው፤ ስድስት ሳምንት አለፈ። ሰው ዝም ቢል ኖሮ መዝገቡ በዚያው ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ዶ/ር ሠናይት፦ ናስር፣ ነገሩን የቀየረው የሕዝብ ጩኸት አይደለም። ቤተሰቡ የቀጠረው ቡድን ሁለተኛ የአስከሬን ምርመራ አስደርጎ ነው።

ለምን መጀመሪያ እንደተሳሳተ ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ተንጠልጥሎ ሲሞት የገመዱ ምልክት ወደ ቋጠሮው እያጋደለ ሽቅብ ይወጣል፤ ዙሪያውን ሞልቶ አይዞርም። በሌላ ሰው እጅ ሲታነቅ ግን ምልክቱ አግድም ሆኖ አንገቱን ይዞራል። ይህ በመጽሐፍ ላይ ነው። ማሰሪያው ዝቅ ያለ ከሆነና ሟቹ በከፊል ተቀምጦ ከሆነ ግን የተንጠለጠለው ሰው ምልክትም ወደ አግድም ይጠጋል፣ ሁለቱ ይምታታሉ። ቀበቶ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ጠርዙ እንደ ቀጭን ገመድ ጥርት ብሎ አይታይም። የጉሮሮ አጥንት መሰበርም ብቻውን አይፈርድም፤ በዕድሜ የጠነከረ አጥንት በሁለቱም መንገድ ሊሰበር ይችላል፣ ሳይሰበር የታነቀም ብዙ ነው። ስለዚህ ዓይን ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። እጅ ላይ የመታሰር ምልክት ካለና ማሰሪያው በቦታው ከሌለ አንድ ሰው ይዞት ወጥቷል ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ የእጅ አንጓ ላይ ምልክት እንደነበረ በጋዜጣ ወጥቷል።

ድምፁ «የሞቱት ልክ በዚህ ሰዓት ነው» ይላል። ከአስከሬን እንዲህ አይገኝም። መጨረሻ የታዩት ዲሴምበር 13 ነው፣ የተገኙት 15። አስከሬን ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከመንጋጋው መገተር ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ ሁለመናው ይደርቃል፣ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው መላላት ይጀምራል። ሙቀትና እርጥበት ያለበት የመዋኛ ክፍል ደግሞ ሁሉንም ያፋጥነዋል። ከአንድ ቀን በላይ ሲያልፍ የሰውነት ሙቀትም ከክፍሉ ጋር ስለሚቃረብ ቴርሞሜትር ብዙም አይረዳም። ሰዓቱን የሚያጠበው ስልክ፣ ካሜራና የሆድ ዕቃ ነው።

ናስር፦ ዶክተር፣ ያሉት ሁሉ የእኔን ክርክር ይደግፋል። ያ ቡድን ኦክቶበር 2018 በአደባባይ ወጥቶ ፖሊስ 25 ያህል የጣትና የመዳፍ አሻራ አምልጦታል ብሎ ከሷል። ያን የሰማ ሕዝብ ባይጠይቅ ማን ይጠይቃል?

ጋሽ ተክሉ፦ ልጄ ናስር፣ ፖሊስን መጠየቅና ሰው መጠርጠር ሁለት ነገር ነው። ያ ቡድን የጠቆመው ሥራው የት እንደጎደለ ነው፤ «ገዳዩ እከሌ ነው» አላለም።

ከምርመራ በኩል የሚበላሸውን ልንገራችሁ። መርማሪ ሁልጊዜ ገዳዩ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ሁለት ነገር ይደብቃል፦ ቋጠሮው በየት በኩል ነበር፣ ልብሱ እንዴት ነበር፣ ምን ዕቃ ጎደለ። ተጠቋሚ ሲቀርብ፣ «እኔ ነኝ» የሚል ሲመጣ የሚፈተነው በዚያ ነው። ግሩፑ ሲገምት ሲገምት አንድ ቀን የተደበቀውን ይነካል። ያን ጊዜ ውሸታሙም እውነተኛውም እኩል ያውቃሉ፣ መፈተኛው ሞተ። ሁለተኛው ምስክር ነው። በዚያ መንገድ ያለፈ ምስክር፣ ቪዲዮ አሥር ጊዜ ካየ በኋላ የሚያስታውሰው ቪዲዮውን ነው፣ ሌሊቱን አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ አይመለስም።

ሽልማቱም እንደዚያው። በ2018 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 መጨረሻ 25 ተጨምሮ 35 ሚሊዮን ደረሰ። ገንዘብ ሲያድግ ጥቆማ ይበዛል፣ ግን ገለባው ነው የሚበዛው፣ እያንዳንዱን ማጣራት ደግሞ የመርማሪ ቀን ይበላል። ዋጋ ያለው ጥቆማ አራት ነገር ይይዛል፦ ምን አየህ፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት አወቅህ። ድምፁ ከአራቱ አንዱም የለውም።

ፎዚያ፦ ድምፁ ስለሚያነሳው «ተራማጁ ሰው»፣ በግድያው ሰሞን በሸርመኖች ቤት አካባቢ ሲራመድ ካሜራ ስላየው ሰው፣ እኔ ልመልስ። ፖሊስ ቪዲዮውን የለቀቀው ዲሴምበር 2021 ነው። በሰፈሩ የነበረውን ሰው በካሜራና በስልክ መረጃ አንድ በአንድ እያስወጣ ሄዶ ማንነቱ ያልታወቀው ይህ ብቻ ቀረ፤ ተጠርጣሪም ብሎታል። ቁመቱን በግምት ከ1.68 እስከ 1.75 ሜትር አለ። ሲራመድ ቀኝ እግሩን ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ይመስላል። ድምፁን የላከው ወንድማችን ይህን ከሌላ ሰው አረማመድ ጋር አመሳስሎ ነው የፈረደው።

ስሌቱ ይኸው። ሰው ሁለት እርምጃ ለመጨረስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ካሜራው በሰከንድ 10 ምስል ቢያነሳ ያ የእግር መፈንጠር ሁለት ምስል ላይ ብቻ ነው የሚታየው። በሌሊት ደግሞ ካሜራ ብርሃን ለመሰብሰብ ስለሚዘገይ ምስሉ ይደበዝዛል። በረዶ፣ ቦት ጫማ፣ ወፍራም ካፖርት አረማመድ ይቀይራሉ። ቁመት ለመለካት በዚያው ቦታ ላይ ቁመቱ የታወቀ ነገር፣ አጥር ወይም ምሰሶ፣ ያስፈልጋል፤ ጫማው ብቻ 3 ሴንቲ ሊጨምር ይችላል፣ ሲራመድ የታጠፈው ጉልበት ይቀንሳል። ፖሊስ የ7 ሴንቲ ክፍተት የተወው በምክንያት ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ ቆማችሁ ብትቆጥሩ የስንቱን ወንድ ቁመት ታገኛላችሁ?

ሙላቱ፦ ሕጉን ልጨምር። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ነገር በኮምፒዩተር ሥርዓት ማሰራጨትን የሚያስቀጣው በአቤቱታ ነው፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ሁለቱም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613ም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንኳ ንጹህ ሆኖ ይገመታል ይላል፤ እዚህ የተከሰሰ ሰው ጭራሽ የለም።

ናስር፦ ሙላቱ፣ ቶሮንቶ ያለ ሰው ጅማ መጥቶ አቤቱታ አያቀርብም። ደግሞ በካሊፎርኒያ ለአሥርተ ዓመታት ያልተፈታ ተከታታይ ግድያ በ2018 የተፈታው ተራ ሰው የዘር ሐረጉን በሚያስገባበት ድረ ገጽ ነው። ሕዝብ ፈታው።

ዶ/ር ሠናይት፦ እዚያ መነሻው ከወንጀሉ ቦታ የተወሰደ ዲኤንኤ ነበር። ሐረጉ ስም ሰጠ፣ ከዚያ መርማሪዎች ሰውየው ከጣለው ዕቃ ናሙና ወስደው አመሳከሩ፣ ከዚያ ያዙት። ስሙ በመሃል ለማንም አልተነገረም። እናንተ ናሙናም ማመሳከሪያም ሳይኖራችሁ ስሙን ነው የጀመራችሁት።

ሙላቱ፦ ሌላውን ጫፍ ደግሞ እይ። በ2022 አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ አራት ተማሪዎች ሲገደሉ አንዲት ጠንቋይ ነኝ ባይ በቲክቶክ ምንም ግንኙነት የሌላትን መምህርት ወነጀለች። መምህርቷ ከሰሰች፣ ዳኛውም በ2024 ስም ማጥፋት ነው ብለው ወሰኑ። ጅማ አይደርስም የምትለው ሕጉን ነው እንጂ ልማዱ ይደርሳል። ነገ ሄርማታ ላይ ሰው ቢገደል ይኸው ግሩፕ ነው ስም የሚጠራው፣ ያን ጊዜ የተጠራው ሰው ልጆች እዚሁ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ናስር፦ «ውርሱን ማን ወሰደ» ብሎ መጠየቅም ወንጀል ይሁን በሉኛ!

ጋሽ ተክሉ፦ መጠየቁ አይደለም። ግን ሀብታም ሰው ሲሞት የሚጠቀመው ብዙ ነው፣ በባሪ የተጎዳም ብዙ ነው፤ ዕድሜውን በፓተንት (የፈጠራ ባለመብትነት) ክስ ከትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር የተሟገተ ሰው ነው። ጥቅም ያለው ሰው መቶ ሲሆን ጥቅም ማንንም አይለይም። የሚለየው በዚያ ሌሊት የት ነበር የሚለው ነው።

ሙላቱ፦ የውርሱ ሰነድ እንዴት እንደወጣ ላሳይህ። በ2018 በፍርድ ቤት ታሽጎ ነበር። የቶሮንቶ ስታር ጋዜጠኛ ኬቪን ዶኖቫን ተከራከረ፤ ጁን 11 ቀን 2021 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይከፈት አለ። ሰነድ ይታሸግ የሚል ሰው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ መከፈቱ አስፈላጊ የሕዝብ ጥቅምን በከባድ አደጋ ላይ እንደሚጥል፣ ማሸጉ ግድ እንደሆነ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ። ማፈር ወይም ምቾት ማጣት አይበቃም፤ የሰውን ክብር የሚነካ መሆን አለበት። ጋዜጠኛው ገዳይ ሳይገምት ትልቅ በር ከፈተ።

ናስር፦ እሺ፣ እዚህ እንገናኝ፦ የፖሊስ ጉድለት ይነገር፣ የፍርድ ቤት ሰነድ ይነገር። በሰነዱ ላይ ያሉት የወራሾች ስሞችስ?

ሙላቱ፦ ወራሽ ተብለው ይጠሩ። አድራሻቸው አይላክ፣ ከገዳይ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አይቀመጡ።

ሰብሳቢ፦ ድምፁን አጥፍቻለሁ። የፖሊስ ቪዲዮ ይቆያል።

ፎዚያ፦ ይቆይ፣ ግን ሰው እያመሳሰለ ፎቶ የሚለጥፍ ካለ ያው ድምፁ ነው።

ናስር፦ እሱ ላይ አልስማማም፣ ፖሊስ ቪዲዮውን የለቀቀው እንድናመሳስል አይደለም እንዴ?

ጋሽ ተክሉ፦ አመሳስል። ያገኘኸውን ግን ለቶሮንቶ ፖሊስ ላክ፣ ለእኛ አይደለም።