ለሳይኮሎጂ ዲግሪ ይህን ያህል ብድር መግባት ይገባል ወይ?

ጥያቄ፦ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ሴት ልጄ በ2026 እ.ኤ.አ. መኸር ኮሌጅ ትገባለች፤ ሳይኮሎጂ ለመማር ቆርጣለች። በሌላ ስቴት ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ሰጥቷት፣ ከዚያ በኋላ በዓመት የምንከፍለው 31 ሺህ ዶላር ይቀራል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏታል፤ እዚያ ከቤት እየተመላለሰች ብትማር የትምህርት ክፍያው በዓመት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስለምንሠራ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠው የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ፣ ፔል ግራንት፣ አልደረሳትም። እርሷ ልቧ ያለው በግል ኮሌጁ ነው፤ አባቷ ደግሞ በሳይኮሎጂ ዲግሪ ሥራ አይገኝም ይላል። በዚህ ዲግሪ የሚገኘው ገቢ ይህን ዕዳ ይከፍላል ወይ? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳውም።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ዕዳው በማን ስም እንደሚሆን ይለዩ። ልጅዎ በራሷ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የምትችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ 7,500 ዶላር ነው፤ በድምሩ 27 ሺህ ይሆናል። ይህ በ6.5 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ቢመለስ በወር 307 ዶላር ገደማ ስለሚደርስ፣ ሥራ የያዘ ወጣት ተጨንቆም ቢሆን ይከፍለዋል።

የሚያሳስበኝ ቀሪው ነው። የኮሌጁ ዋጋ ባይጨምር እንኳ በአራት ዓመት 97 ሺህ ዶላር ይጎድላል። ወላጅ በልጁ ስም ሳይሆን በራሱ ስም የሚወስደው ፓረንት ፕላስ የተባለው ብድር፣ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ተገድቧል። ስለዚህ ሙሉውን ቢወስዱ በአራተኛው ዓመት 5 ሺህ ብቻ ይቀርዎታል፤ የቀረው 32 ሺህ ከግል አበዳሪ፣ ያውም በእርስዎ ፊርማ የሚገኝ ነው። ኮሳይን ማድረግ ማለት ልጅዎ መክፈል ካቃታት ባንኩ ወደ እርስዎ ይመጣል ማለት ነው። 65 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ሲመለስ በወር 585 ዶላር ገደማ ሆኖ፣ በመጨረሻ 140 ሺህ ዶላር ያህል ይከፈልበታል። በአዲሱ ሕግ ይህ የወላጅ ብድር እንደ ገቢ መጠን የሚቀነስ አከፋፈል የለውም፤ የሥራ ሰዓት ቢቀንስብዎ ክፍያው አይቀንስም። በጡረታ ዋዜማ ላለ ወላጅ ይህን አልመክርም።

መልስ፦ ላይሰንስ ያላት ቴራፒስት፣ ከሮክቪል

ባለቤትዎ ያሉት በከፊል እውነት ስለሆነ በግልጽ ልንገርዎ። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ቴራፒስት አያደርግም። በሜሪላንድ ላይሰንስ ያለው ካውንስለር ለመሆን 60 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ትምህርት፣ ከዚያም በተቆጣጣሪ ሥር መሥራትና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሳይኮሎጂስት ለመባል ደግሞ በአብዛኛው ዶክትሬት ይጠየቃል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገኙት ሥራዎች የኬዝ ማኔጀር (የተረጂዎችን ጉዳይ የሚከታተል)፣ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ቤት ረዳት፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር የሚሠራ ቴክኒሺያንና የመሳሰሉት ናቸው። ለቴክኒሺያኑ የሚጠየቀው ሃይስኩል መጨረስና የ40 ሰዓት ሥልጠና ስለሆነ፣ ደመወዙም በዚያው ልክ ነው። እኔ ኬዝ ማኔጀር ሆኜ ስጀምር በዓመት 45 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር የሚከፈለኝ፤ ከቀረጥና ከቤት ኪራይ በኋላ እጄ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነበር።

ስለዚህ ዋናው ዕዳ የሚመጣው ከማስተርሱ መሆኑን ዛሬውኑ ይቁጠሩት። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የማስተርስ ተማሪ የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ይሞላ የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ለአዲሶች ቀርቷል። የመጀመሪያው ዲግሪ በርካሽ ካለቀ ለሁለተኛው አቅም ይተርፋል። ልጅዎ ሰውን የማከም ፍላጎቷ እውነተኛ ከሆነ ሶሻል ወርክንም ትመልከት፤ በዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ተማሪ ብዙ ቦታ ማስተርሷን በአንድ ዓመት ገደማ ትጨርሳለች። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሚባለው የአካባቢያችን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ፣ እዚሁ ሮክቪል ባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ካምፓስ፣ ሼዲ ግሮቭ፣ የዩኤምቢሲን (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲን) የሳይኮሎጂ ዲግሪ መጨረስም ይቻላል። ደግሞም ክሊኒካል ሳይኮሎጂ በፒኤችዲ የሚሰጡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ሰርዘው አበል ይሰጣሉ፤ ከምርምር ይልቅ በሕክምና ሥራ ላይ የሚያተኩረውን፣ ሳይዲ (PsyD) የሚባለውን ዶክትሬት ግን በአብዛኛው ተማሪው ራሱ ይከፍለዋል።

መልስ፦ በሳይኮሎጂ የተመረቀ፣ ከሲያትል

ጋሼ ሥራ አይገኝም ማለታቸውን አልስማማበትም። እኔ ማስተርስ አልያዝኩም፤ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል የሠራተኞችን መጠይቅና መረጃ እተነትናለሁ። ያስቀጠረኝ የዲግሪው ስም ሳይሆን የስታቲስቲክስ ኮርሶቼና በፕሮፌሰር ላብራቶሪ የሠራሁት ምርምር ነው። ልጅዎ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ይህን ብትይዝ በር ይከፈትላታል፤ ይህም በስቴት ዩኒቨርሲቲ በደንብ ይገኛል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለው ድረ ገጽ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በሳይኮሎጂ ተመራቂ ገቢና ዕዳ ለይቶ ያሳያል። የሚቆጥረው ግን የፌዴራል እርዳታ የወሰዱትን ብቻ መሆኑን አይርሱ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግል ኮሌጁ ስኮላርሺፑን እንዲጨምር መጠየቅ ይቻላል?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ይቻላል። የገቢ መቀነስ ወይም የሕክምና ወጪ ካለ ማስረጃውን አያይዘው ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ይጻፉ፤ የሜሪላንድን ደብዳቤም ያሳዩዋቸው። አብረው ሁለት ነገር በጽሑፍ ያስመልሱ፦ ስኮላርሺፑ ለአራቱም ዓመት ነው ወይ፣ እንዳይቋረጥስ ስንት ጂፒኤ ይጠበቅባታል?